የስኳር ሕሙማን ዓይንና የደም ግፊት፦ «ስኳርን ብቻ ጠብቁ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ባሉ የስኳር ሕሙማን ዘንድ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፍ፣ አንዳንዶችም በወረቀት አሳትመው ለክትትል ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ከስኳር ሕመም ጋር የኖሩ መሆናቸውን ገልጸው ለሌሎች ሕሙማን ምክር ይለግሳሉ። የምክራቸው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ዓይኑን የሚያጣው በስኳር ምክንያት ብቻ ስለሆነ ስኳሩን ከጠበቀ ስለ ደም ግፊት መጨነቅ አይኖርበትም፤ ግፊት ቢኖርም ራስ ምታትና ማዞር እስካልመጣ ድረስ ጉዳት የለውም፤ በአሜሪካ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ግፊትን ዝቅ ማድረግ ለዓይን እንደማይጠቅም አረጋግጧል፤ በየቀኑ የሚዋጠው የግፊት ኪኒን ኩላሊትን ስለሚጎዳ በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው ቅጠል ቢተካ ይሻላል፤ ዓይኑ ደኅና የሚያይ ሰው ለዓይን ምርመራ ወረፋ መያዝ አያስፈልገውም፤ ገንዘብ ያጠረው ሰውም ያለውን ለስኳር መድኃኒቱና ለስኳር መለኪያው ብቻ ያውለው።

እኔ በዚሁ ከተማ በስኳርና በደም ግፊት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጽሑፉ በቅን ልቦና እንደተጻፈ አምናለሁ፤ ስለ ስኳር አያያዝ በሰጡት ምክር ውስጥም ብዙ ጠቃሚ ነገር አለ። ነገር ግን ጽሑፉን አንብበው የግፊት ኪኒናቸውን ያቆሙ ሰዎች ስላጋጠሙኝ ዝም ማለት አልቻልሁም። ነጥቦቹን ጸሐፊው ባስቀመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ። አንዳንዱ በአጭሩ የሚታለፍ ሲሆን፣ ስለ አሜሪካው ጥናት የተባለው ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ጽሑፉን በአንባቢው ዘንድ ተአማኒ ያደረገው እርሱ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ስኳር የዓይን ጉዳት ዋነኛ ምክንያት ነው መባሉ ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ ይፋ የሆነው የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ ኢንሱሊን በሚያስፈልገው፣ የመጀመሪያው ዓይነት በሚባለው የስኳር ሕመም የተያዙ 1,441 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ስኳራቸውን አጥብቀው የተቆጣጠሩት ሰዎች ዓይናቸው በሕመሙ የመያዝ ዕድሉ በ76 በመቶ እንደቀነሰ፣ ቀድሞ ዓይናቸው በተነካባቸውም ላይ የሕመሙ መባባስ በ54 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህን የሚያህል ማስረጃ ያለው ምክር በሕክምና ውስጥ ብዙ አይደለም። ጸሐፊው የሳቱት ከዚህ ተነሥተው ሌላው ሁሉ አይመለከተንም ወደሚል መደምደሚያ ሲሄዱ ነው። አንድ ነገር ዋነኛ ምክንያት መሆኑ ሁለተኛውን ምክንያት አያስቀረውም፤ በዚህ ሕመም ላይ ደግሞ ሁለቱ ተጋግዘው ነው የሚጎዱት።

እንዴት እንደሚተጋገዙ ለመረዳት በዓይን ውስጥ የሚሆነውን ማየት ይገባል። ከዓይናችን ጀርባ ብርሃንን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል፤ የሚመገበውም እጅግ ቀጫጭን በሆኑ የደም ሥሮች ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእነዚህን ሥሮች ግድግዳ ደግፈው የሚይዙትን ሕዋሳት ይገድላል። ግድግዳው በሳሳበት ቦታ ሥሩ ወደ ውጭ ይቆዘራል፤ ከዚያም ደምና ቅባት ያለበት ፈሳሽ ወደ ሬቲናው ይሰርጋል። ጤነኛ የሬቲና ደም ሥር በሰውነት ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ራሱን አጥብቦ ወደ ውስጥ የሚገባውን ደም ይመጥናል፤ በስኳር የተጎዳው ሥር ግን ይህ ችሎታው ይዳከምበታል፤ ስለዚህ በክንድ ላይ የምንለካው ከፍተኛ ግፊት የሚገታው ሳያገኝ እስከ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ድረስ ይዘልቃል። ፈሳሹ ለማንበብና የሰው ፊት ለመለየት በምንጠቀምበት የሬቲና መካከል፣ ማኩላ በሚባለው ቦታ ላይ ሲጠራቀም እይታ ይደበዝዛል። ደም የተቋረጠበት የሬቲና ክፍል ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ እነዚህ ሥሮች ደካማ ስለሆኑ በቀላሉ ይቀደዱና ዓይኑን በደም ይሞሉታል፤ ሲደርቁ የሚተዉት ጠባሳም ሬቲናውን ስቦ ከቦታው ሊነቅለው ይችላል።

በጣና ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክሙኝም። ከሐይቁ ውኃ የሚስበው ሞተር በኃይል ሲነሣ የሚፈነዳው ውኃ ከሚያስተላልፈው ጎማ ፀሐይ የበላው ክፍል ነው። ጎማውን ያሳሳው ፀሐይ ነው፤ የሚቀደው ግን ግፊቱ ነው። ጎማው ያረጀበት ገበሬ ሞተሩን መጥኖ ያስነሣል እንጂ ጥፋቱ የፀሐይ ነው ብሎ እስከ መጨረሻው አይከፍተውም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ራስ ምታት የሌለበትን ሰው ግፊት አይጎዳውም የሚለው፣ ከጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው በቀላሉ የሚቀበለው ነው፤ በየዕለቱ የምሰማውም እርሱን ነው። ባለፉት ወራት ለክትትል የመጡ አንድ አባት የላይኛው ግፊታቸው ከ170 በላይ ሆኖ አገኘሁት። «አባባ፣ ኪኒኑን እየወሰዱ ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ምንም አያመኝም እኮ፤ ሲያመኝ እወስደዋለሁ» አሉኝ። ስኳራቸው በዚያ ቀን መልካም ነበር፤ በዚህም ተደስተው ነበር። ወደ ዓይን ክፍል ተልከው ሲታዩ ግን በሁለቱም ዓይኖቻቸው ሬቲና ላይ በርካታ የደም ነጠብጣቦችና የፈሰሰ ቅባት ተገኘ፤ እርሳቸው ግን ይህ ሁሉ እስኪታይ ድረስ በእይታቸው ላይ ምንም ለውጥ አላስተዋሉም ነበር። በዚህ ላይ የግፊቱና የስኳሩ ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ ለይቶ የሚነግረን መሣሪያ የለም፤ ሆኖም ግፊታቸው ከሕመም ስሜት ጋር ምንም ግንኙነት እንዳልነበረው ግልጽ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ በልማድ ደም ብዛት የምንለው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ራስ ምታት ያለበትም ሰው ብዙ ጊዜ ግፊቱ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ማወቂያው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መለካት ነው።

መለካትም ቢሆን በአግባቡ ሲሆን ነው የሚጠቅመው። ይህን የምለው ስህተቱን በቅርብ ስለማየው ነው። ጠዋት በብርዱ ከመርዓዊ ወይም ከሐሙሲት በሚኒባስ የመጣች እናት በሩጫ ገብታ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ፣ ጋቢዋን ወደ ኋላ ጥላ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ትጠቀልላለች። የተጠቀለለው እጅጌ ክንዷን ከላይ አንቆ ይይዘዋል፤ የመለኪያው ጨርቅ ከእርሱ በታች ይታሰራል፤ ክንዷ ምንም ሳይደገፍ ተንጠልጥሎ፣ እርሷም ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር እያወራች ይለካል። በዚህ መንገድ የተገኘ ቁጥር ከእውነተኛው ልቆ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው፤ በዚህ ቁጥር መድኃኒት ቢጨመርላት ወይም ቁጥሩን ሁሉ ብትጠራጠር አይፈረድባትም። ትክክለኛው አለካክ የሚከተለው ነው። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም፤ ሽንት ይሸናል፤ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጦ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ እጅጌው ይወልቃል፤ ክንዱ በጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ከልብ ጋር ትይዩ ይሆናል፤ ጨርቁም ለክንዱ ውፍረት የሚመጥን መሆን አለበት፤ በወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ማሰር ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያልና። ከዚያም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለካል። ሕሙማን ይህን ከባለሙያ ለመጠየቅ ሊያፍሩ አይገባም። በቤቱ መለኪያ መግዛት የሚችል ሰው በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ በክንድ ላይ የሚታሰረውን ቢመርጥና ቁጥሮቹን በደብተር ጽፎ ቢመጣ፣ እኛ በአንድ ጠዋት ከምናገኘው ቁጥር እጅግ የተሻለ መረጃ ይሆነናል።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ዋነኛው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው የጠቀሱት የአሜሪካ ጥናት አኮርድ የሚባለው ነው፤ ስለ ዓይን የተገኘው ውጤትም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። ጥናቱ እውነተኛ ነው፤ ጸሐፊው ውጤቱን የጠቀሱትም በሐሰት አይደለም። ግፊታቸው በጣም ዝቅ እንዲል ከተደረጉት ሕሙማን መካከል በአራት ዓመት ውስጥ የዓይን ሕመማቸው የባሰባቸው 10.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላው ቡድን ደግሞ 8.8 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊፈጠር የሚችል ስለሆነ ተመራማሪዎቹ ግፊትን አብዝቶ ማውረድ ለዓይን ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም ብለው ደመደሙ። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ።

ነገር ግን ጥናቱ ማንን ከማን ጋር እንዳነጻጸረ ጽሑፉ አልነገረንም፤ የነገሩም ቁልፍ ያለው እዚያ ላይ ነው። አኮርድ የታከመን ሰው ካልታከመ ሰው ጋር አላነጻጸረም። በአንዱ ቡድን የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች፣ በሌላው ቡድን ደግሞ ከ140 በታች ለማድረስ ነው የታሰበው። የተገኘው አማካይም በመጀመሪያው ቡድን 119 ገደማ፣ በሁለተኛው 133 ገደማ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች በየቀኑ ኪኒን የሚወስዱ፣ በቅርብ የሚታዩ ሕሙማን ነበሩ። የጥናቱ ጥያቄ እንግዲህ ግፊቱ አስቀድሞ ወደ 133 የወረደለት ሰው ወደ 119 ቢወርድ ዓይኑ ተጨማሪ ጥቅም ያገኛል ወይ የሚል ነው፤ መልሱም አያገኝም የሚል ሆነ። ከ170 በላይ ይዘው ወደ እኔ ለመጡት አባት ይህ ጥናት የሚነግራቸው አንዳች ነገር የለም፤ በጥናቱ ውስጥ ከሁለቱ ቡድኖች በየትኛውም ቢመደቡ ኪኒን ይታዘዝላቸው ነበር። ለ133 የተሰጠን መልስ ወስዶ ለ170 ማንበብ ነው ጽሑፉን ያሳሳተው።

የእኚህን አባት ጥያቄ የመለሰው ሌላ ጥናት ነው፤ ጸሐፊውም ሳይጠቅሱት አልፈዋል። በዩናይትድ ኪንግደም የተካሄደውና ዩኬፒዲኤስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ጥናት፣ በሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም ብዙ ጊዜ በጎልማሳነት በሚጀምረው የስኳር ሕመምና በከፍተኛ የደም ግፊት የተያዙ 1,148 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፣ የአንዱን ቡድን ግፊት ከ150 በ85 (የላይኛው በታችኛው) በታች ለማድረግ፣ የሌላውን ደግሞ ላላ ባለ ቁጥጥር ለመያዝ ሞከረ። ከስምንት ዓመት በላይ በተደረገው ክትትል አማካዩ በአንደኛው 144 በ82፣ በሌላው 154 በ87 ሆነ። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት በላይኛው ግፊት 10 ብቻ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ በተያዘላቸው ሰዎች ላይ የሬቲና ጉዳት የመባባስ ዕድሉ በ34 በመቶ፣ በፊደል ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር ያህል እይታ የማጣት ዕድሉ ደግሞ በ47 በመቶ ቀንሷል፤ ሬቲናው በጨረር ለሚታከምበት የሌዘር ሕክምና የሚዳረጉትም ቁጥራቸው አንሷል። ከዓይን ውጭም በአንጎል ውስጥ የሚደርሰው የደም ሥር አደጋ በ44 በመቶ፣ ከስኳር ጋር የተያያዘ ሞት በ32 በመቶ ቀንሷል። አንድን ሰው ከ154 ወደ 144 ማውረድ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ከ170 ጀምሮ ማውረድ አይጠቅምም ለማለት ምንም መሠረት የለም።

ሁለቱ ጥናቶች እንግዲህ አይጋጩም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ የግፊት ከፍታ ነው። ማስረጃው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይናገራል ግን አልልም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነበት ግምገማ ግፊትን መቆጣጠር የሬቲና ሕመም እንዳይጀምር መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ሲያረጋግጥ፣ አንዴ የጀመረውን እንዳይባባስ በማድረግ በኩል ግን ማስረጃው ደካማ መሆኑን ገልጿል። ይህም ቢሆን ጸሐፊውን አያግዛቸውም። ግፊትን መያዝ ይበልጥ የሚጠቅመው ዓይን ከመነካቱ በፊት ከሆነ፣ የሚያመን ነገር እስኪመጣ እንጠብቅ የሚለው ምክራቸው ይበልጥ አደገኛ ይሆናል።

ከዩኬፒዲኤስ የተገኘ አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ በእኔ ግምት ለሕሙማኖቻችን ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው እርሱ ነው። ጥናቱ ካበቃ በኋላ ተሳታፊዎቹ ለተጨማሪ ዓመታት ሲታዩ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው የግፊት ልዩነት በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፋ፤ ግፊታቸው ተይዞላቸው የነበሩት ሰዎች ያገኙት ብልጫም አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ውጤት ስኳርን ቀደም ብሎ መቆጣጠር ካስገኘው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የስኳሩ ጥቅም በቡድኖቹ መካከል የነበረው የስኳር መጠን ልዩነት ከጠፋ በኋላም ለዓመታት ቆይቷልና። የደም ግፊት ቁጥጥር የሚጠቅመው እስከቀጠለ ድረስ ነው። ለሁለት ወር ኪኒን ወስዶ ቁጥሩ ሲስተካከል «ዳንሁ» ብሎ የሚያቆም ሰው፣ ቁጥሩ የተስተካከለው በኪኒኑ ምክንያት መሆኑን ማወቅ አለበት።

ወደ የትኛው ቁጥር እንውረድ ለሚለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የስኳር ሕመምና መሰል አደጋ ያለባቸው የግፊት ሕሙማን የላይኛው ግፊታቸው ከ130 በታች እንዲሆን ይመክራል። በዕድሜ ለገፉ፣ ሲነሡ ለሚያዞራቸውና ለሚወድቁ ሰዎች ሐኪሙ ላላ ያለ ግብ ሊያስቀምጥ ይችላል። በአኮርድም ግፊታቸው እጅግ ዝቅ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ከመድኃኒት ጋር የተያያዙ ከባድ ጉዳቶች በዝተው ታይተዋል፤ ስለዚህ ያለ ልክ ማውረድ ተገቢ አይደለም ቢሉን ኖሮ ከጸሐፊው ጋር እንስማማ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ስለ መድኃኒት ነው። የግፊት መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳል የሚለው ወሬ በከተማችን እጅግ የተስፋፋ ነው፤ የተስፋፋበትም ምክንያት ይገባኛል። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ቀድሞም ግፊት ያለባቸውና ኪኒን የሚወስዱ ስለሆኑ፣ ተመልካች ጥፋቱን ከኪኒኑ ላይ ያደርጋል። እውነታው ግን በተቃራኒው ነው። ኩላሊትን የሚጎዱት ከፍ ብሎ የቆየ ግፊትና ስኳር ናቸው፤ እንደ ኤናላፕሪል ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ በሽንታቸው ፕሮቲን በሚታይባቸው የስኳር ሕሙማን ላይ የኩላሊትን መድከም የሚያዘገዩ ናቸው። በእርግጥ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከተጀመሩ በኋላ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ኤናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያስከትላል፤ እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት ደግሞ ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም። ለእነዚህ ሁሉ መፍትሔው ለሐኪም ነግሮ በሌላ ማስቀየር ነው። ዩኬፒዲኤስ ካፕቶፕሪልና አቴኖሎል የተባሉ ሁለት የግፊት መድኃኒቶችን አወዳድሮ ሁለቱም ዓይንን በመጠበቅ ረገድ ተቀራራቢ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ ስለዚህ አንዱ ያልተስማማው ሰው በሌላው ይጠቀማል፤ ዋናው ግፊቱ መውረዱ ነው።

ነጭ ሽንኩርትንና ሽፈራውን በተመለከተ ብዙ አልልም። በምግብነታቸው የሚከለክላቸው የለም፤ የ170 ግፊትን አውርደው ለዓመታት እንደያዙና ዓይንን እንዳዳኑ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። ጸሐፊው ስለ ምግብ ከጻፉ አይቀር ስለ ጨው ቢጽፉልን በወደድሁ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። በቤታችን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ፤ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል፤ በገበታ ላይ ደግሞ አዋዜ ይቀርባል። ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅ ጨውን መተው ወይም መቀነስ በወጪ በኩል ምንም የማይጠይቅ፣ ለመላው ቤተሰብም የሚበጅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ያላነሣውን የጾም ነገር ልጨምር፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ኪኒን የሚታለፈው በዚህ ምክንያት ነውና። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶችና አባቶች የጠዋቱን መድኃኒት ትተው፣ ከሰዓት በኋላም ሳይወስዱት ይቀራሉ። እንደ አምሎዲፒን ያሉ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ የግፊት መድኃኒቶች ሰዓታቸው ወደ ማታ ሊዛወር ይችላል፤ የስኳር መድኃኒት ግን በባዶ ሆድ ስኳርን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል የእርሱ አወሳሰድ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር መመከር አለበት። ሕመምተኛ ከጾም ነጻ ስለመሆኑም የንስሐ አባትን ማነጋገር ይቻላል፤ ብዙዎቹ አባቶች መድኃኒታችሁን ውሰዱ ብለው ሲመክሩ ሰምቻለሁ።

አምስተኛው፣ ዓይኑ ደኅና የሚያይ ሰው ምርመራ አያስፈልገውም የሚለው ነጥብ ነው። ከላይ የጠቀስኋቸው አባት ለዚህ በቂ መልስ ናቸው። የሬቲና ሕመም ማኩላን እስኪነካ ወይም ደም እስኪፈስ ድረስ እይታን ላይለውጥ ይችላል። በሰሌዳ ላይ ፊደል ማንበብ መቻል የመነጽር ፍላጎትን ይለካል እንጂ የሬቲናን የደም ሥር አያሳይም። የሚያሳየው የዓይን ብሌን በጠብታ ከሰፋ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ወይም የሬቲና ፎቶ ነው። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የተያዘ ሰው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ዓይነት የተያዘ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ መታየት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሁኔታው በየዓመቱ ይደገማል። እርጉዝ ሴቶች ሕመሙ በእርግዝና ሊፋጠን ስለሚችል ቀደም ብለው መታየት አለባቸው። ጸሐፊው የሚያበረታቱት ፈጣን የስኳር ማውረድም ዓይኑ አስቀድሞ በተጎዳ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉዳቱን ለጊዜው ሊያባብስ እንደሚችል ስለሚታወቅ፣ ስኳሩን በአንዴ ሊያጠብቅ ያሰበ ሰው ቀድሞ ዓይኑን ቢያሳይ ይመረጣል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት እይታን ስለሚያደበዝዝ ሰው ይዞ መምጣት፣ መኪናም ሆነ ባጃጅ አለመንዳት ያስፈልጋል። ሕመሙ በጊዜ ከተገኘ የሌዘር ሕክምና ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ለዓይነ ስውርነት የሚያሰጋ ደረጃ ላይ በደረሱ ዓይኖች ላይ ሌዘር ከባድ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ዓይን በደም ከተሞላና ሬቲና ከተነቀለ በኋላ ግን ሕክምናው የሚከብድ፣ ውጤቱም የማያስተማምን ይሆናል።

የመጨረሻው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ላይ የጸሐፊውን ጭንቀት እጋራለሁ። ከዘጌ ወይም ከጢስ ዓባይ መጥቶ የትራንስፖርት ከፍሎ፣ መድኃኒት ከመንግሥት ፋርማሲ አጥቶ ከግል የሚገዛ ሰው የሚያወጣውን አውቃለሁ። ሆኖም የተለመዱት የግፊት ኪኒኖች ሕሙማን ከሚገዟቸው መድኃኒቶች መካከል ርካሾቹ ናቸው፤ ግፊትን መለካት ደግሞ እንደ ስኳር መለኪያ በየጊዜው የሚያልቅ ነገር አይጠይቅም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው በመሸኛ ወረቀት ወደ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል፤ አባል ያልሆነም የምዝገባውን ወቅት ከቀበሌው ቢጠይቅ ይጠቀማል። መግዛት ያቃተው ሰው ኪኒኑን በራሱ ከማቆሙ በፊት ለሚከታተለው ባለሙያ ቢነግር፣ በዋጋ የሚቀል ሌላ ሊፈለግለት ይችላል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው ዳግም የሚያሰራጩ ከሆነ፣ ስለ አኮርድ የጻፉትን እንዲያጠፉ አልጠይቃቸውም። በዚያው አንቀጽ ላይ 119ና 133 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች እንዲጨምሩበት፣ ከሥሩም አንባቢው የራሱን ግፊት በአግባቡ አስለክቶ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ እንዲተዉለት እለምናቸዋለሁ።